የባሻ ኃይለመስቀል ጅብራ

ሰው ከአገሩ ርቆ በሰፈረበት ሁሉ አንድ «የእኛ አገር» ባይ አይጠፋም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፣ ቀጥሎ ገበያ ይቆማል፣ ከዚያ ይኼ ሰውዬ ይመጣና ጥላ ያለበት ቦታ መርጦ ይቀመጣል። ውኃ ስታቀርቡለት የአገሩን ምንጭ ያነሣባችኋል። በሬ ስታሳዩት የአባቱን በሬ ይነዳባችኋል። ሞታችሁ ብትቀበሩ እንኳ ከለቀስተኛው መካከል ቆሞ፣ በእሱ አገር ሰው ሲሞት እንዴት ባለ ወግ እንደሚሞት ሳያስረዳ አይሄድም። ክፉ ሰው እንዳትሉት ክፉ አይደለም። ዝም በል እንዳትሉት ደግሞ አይሰማም።

ጎባ ላይ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት ባሻ ኃይለመስቀል ነበሩ። ከመንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ የመጡ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ጢማቸውን በሁለት ጣታቸው እየፈተሉ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ጦሩ ባሌ ገብቶ ጎባ ላይ ድንኳኑን ከተከለ ስድስት ዓመት አልፎታል። በነዚያ ስድስት ዓመታት ባሻ ጎባን ለብቻዋ አይተዋት አያውቁም። ሁልጊዜ ከመንዝ ጎን አቁመው ነው የሚያዩዋት፤ ሁልጊዜም ጎባ ትሸነፋለች።

ገብሷ አይረባም፤ የመንዝ ገብስ አንዱ ፍሬ ዶሮ ያንቃል። የቶጎና ወንዝ ውኃ ላላ ያለ ነው፤ አንድ ቅል ጠጥቶ ሌላ ቅል ያሰኛል። ጅቡም ቢሆን ስድ ነው፤ የእሳቸው አገር ጅብ ሽማግሌ ሲያይ ከመንገድ ዞር ብሎ ያሳልፋል። ውርጭ መሬቱን ነጭ ባደረገበት ጠዋት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «ይኼም ብርድ ተብሎ!» ይላሉ። አንድ ምሽት ባለቤታቸው ወለተኢየሱስ ነገሩ ቢሰለቻት ጨረቃዋን በአገጯ አመለከተችና እሷስ የትኛው አገር ትሻላለች ብላ ጠየቀቻቸው። ባሻ አንጋጠው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ያው እንደሆነች አመኑ። ወለተኢየሱስ ገና እፎይ ከማለቷ፣ ጢማቸውን ፈተል አደረጉና «እኛ ዘንድ ግን ቀደም ብላ ነው የምትወጣው» አሉ።

ወለተኢየሱስ የአንኮበር ልጅ ናት፤ መንዝን አይታው አታውቅም። ባሻን ያገባቻቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ጎባ የደረሰችው ከሌሎች የወታደር ሚስቶች ጋር በበቅሎ ተጭና ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ የሚሉትን ሁሉ ታምን ነበር። ቆይቶ ግማሹን አመነች። በኋላማ ሲጀምሩ ራሷን እየነቀነቀች የልቧን ሥራ መሥራት ለመደች።

ባሻን በአንድ ቃል ዝም ያሰኛቸው ሰው ቢኖር ኦቦ ከዲር ብቻ ናቸው። ኦቦ ከዲር የአገሩ ሰው፣ አርሲ ኦሮሞ ሲሆኑ፣ ጦሩ መሬቱን ሲደለድል አባታቸው ከተቀበሩበት መሬት ጋር ለባሻ ገባር ተብለው የተሰጡ ናቸው። ይሁን አይሁን ብሎ የጠየቃቸው የለም። አማርኛውን በጆሮ ለቅመው ስለ ተማሩት ለጦሩ አዛዥ ለደጃዝማቹም ለውሻውም «አንተ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ባሻ የመንዝን ልምላሜ፣ የመንዝን ማር፣ የመንዝን ሰው ደግነት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲዘረዝሩላቸው ዋሉ። ኦቦ ከዲር አርሰው ሲጨርሱ ሞፈሩን ትከሻቸው ላይ አደረጉና «ባሻ፣ እንዲህ ካማረ ለምን መጣህ?» አሏቸው። ባሻ ያን ቀን እራት እስኪቀርብ ድረስ አልተናገሩም።

ከሁሉ የባሰው ግን የጅብራው ነገር ነው። ጅብራ የሚበቅለው ከደጋም ደጋ፣ ሰው ትንፋሽ ከሚያጥረው ቦታ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ ያንዠረግጋል፣ ብዙ ዓመት ይጠብቅና አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይደርቃል። ከሩቅ ላየው ዛፍ ነው። ቀርቦ ላንኳኳው ግን ሣር ነው፤ ያውም ልቡ ባዶ የሆነ ሣር። ባሻ ደግሞ የሰፈሩት ጥድ በከበበው አገር ነው። የባሌን ጥድ ያየ ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ ቆቡ እስኪወድቅ አንጋጦ ያደንቃል። ባሻ ግን ቆባቸውን በእጃቸው ያዝ አድርገው «ይኼም ጥድ ተብሎ! የእኛን አገር ጅብራ ባያችሁ» ይላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የመንዝ ጅብራ በባሻ አንደበት የአንድ ሰው ተኩል ቁመት ነበረው። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሰው ሆነ። ወለተኢየሱስ ስታገባቸው ከቤት ጣራ ደርሶ ጠበቃት፤ በዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነካ። ጥዱ ባለበት ቆሞ ጅብራው ብቻ አደገ። በጦሩ ወግ ታላላቆቹ በፈረሳቸው ስም አባ እንትና እየተባሉ ይጠራሉ። ባሻ ፈረስ የላቸውም፤ በቅሎዋም የጋራ ናት። ሠፈሩ ተመካክሮ «አባ ጅብራ» የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸው ሽሙጥ መሆኑ አልታያቸውም፤ በተጠሩ ቁጥር ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አቤት» ይሉ ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ወለተኢየሱስ ግን መሳቅ የተወችበት ምክንያት ነበራት። ባሻ «ዛሬ ነገ አገራችን እንገባለን» እያሉ ደህና ቤት ሳይሠሩ ቆይተዋል። የሚኖሩት ከአናጢው ከተክለማርያም አጥር ጋር በተለጠፈች አንዲት ዛኒጋባ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲመጣ ዛኒጋባዋ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ታፈስሳለች። ባለፈው ክረምት ወለተኢየሱስ ምንቸት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ የተኛችባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን ጥር ገብቷል፤ እሷም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ልጁ በሚያዝያ ይመጣል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇን የማያፈስስ ጣራ ሥር መውለድ። ባሻንም ስንት ጊዜ ለምና፣ ስንት ጊዜ አኩርፋ፣ በስንት መከራ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ ቤት እንሠራለን አሰኝታቸዋለች።

አስተርዮ ማርያም ደረሰች። የማኅበሩ ድግስ የተደገሰው በደብሩ ቄስ በመምሬ ገብረ ሥላሴ ግቢ ነው። ጠላው ሦስተኛ ዙር ሲዞር ወሬው ወደ ባሻ ቤት ዞረ። ተክለማርያም ቡልጌ ነው፤ እጁ የተባረከ አናጢ ይሁን እንጂ ምላሱን የባረከለት የለም። ለምሰሶ የሚሆን ጥድ እኔ እመርጥልዎታለሁ አለ። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ የልጅ ልጅ የሚያወርሱት እንጨት መሆኑን አስረዳ። ነገሩን እዚያ ላይ ቢያቆመው ምን ነበረበት? ግን ቀጠለና፣ የመንዝ ሰው ቤቱን በምን እንደሚያቆም ሰምተው እንደሆነ ሰዎቹን ጠየቀ። ሰዎቹም ሳቁ።

ባሻ ተነሡ። ኩታቸውን አስተካከሉ። ወለተኢየሱስ ገንቦዋን ይዛ በመካከል ቆማ ስለ ነበር አነሣሣቸውን ስታይ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባት፤ ግን ገንቦ የያዘ ሰው የባሉን አፍ መያዝ አይችልም።

«ደጃዝማች ይሙት» አሉ ባሻ፣ «የቤቴን ምሰሶ ከጅብራ ሌላ ባቆም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ መሐላ የዋዛ አይደለም። በጌታው ሞት ምሎ ያፈረሰ ሰው የጌታውን ሞት እንደ ተመኘ ይቆጠራል፤ መሬቱን ይነጠቃል፣ ጀርባውን ይገረፋል። ደግሞ የደጃዝማቹ ዓይንና ጆሮ የሆኑት አጋፋሪ ብዙነህ እዚያው የዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ቤቱ ሲያልቅ መጥተው እንደሚያዩት ተናገሩ። ድምፃቸው እንግዳ ሊሆን እንደሚመጣ ዘመድ ለስላሳ ነበር፤ ወለተኢየሱስን ያስፈራትም እሱ ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መምሬ ገብረ ሥላሴ ደጃፍ ቆመች። መሐላው የሚፈታበት መንገድ እንዳለ ጠየቀቻቸው። መምሬ ብዙ አሰቡ፣ ጢማቸውን አከኩ።

«በእግዚአብሔር ምሎ ቢሆን ይቀል ነበር» አሉ። «ንስሐ ሰጥቼ፣ አርባ ቀን አሰግጄ እፈታው ነበር። እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ደጃዝማች ግን…»

ቀሪውን አልጨረሱትም። ከአጥሩ ማዶ ሰው እንዳለ አየት አደረጉና ባርከው ሰደዷት።

እንግዲህ ጅብራ መፈለግ ግድ ሆነ። ጅብራ ደግሞ ከጎባ በላይ፣ ሰነቴ ሜዳ ላይ እንደ ልብ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባሻ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አላዩትም፤ ወለተኢየሱስ ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ገርሟት ነበር። አሁን እሷን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ ኦቦ ከዲርን መንገድ መሪ አድርገው ጉዞ ጀመሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ለምን ዳገት እንደምትወጣ መምሬ ቢጠይቋቸው፣ አይታ እንድትመሰክር ነው ብለው መለሱ።

በመጀመሪያ በጥድ ደን ውስጥ አለፉ። ባሻ ግራ ቀኝ እያዩ «ይኼም ጥድ ተብሎ» እያሉ ሄዱ፤ ጥዱ ብዙ ስለ ነበር እስኪያልቅ ድረስ ድምፃቸው ሻከረ። ከዚያ ኮሶው መጣ፣ ከኮሶው በላይ አስታው፣ ከአስታው በላይ ግን ዛፍ የሚባል ነገር አበቃና ገላጣ ሜዳ ሆነ። ውርጩ ገና አልቀለጠም። ሜዳው ላይ ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻ ብቻውን ቆሟል።

ባሻ በቅሎዋን ለቀቁና ወደ አንዱ ሄዱ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ ግን ማዕረጋቸውን ረስተው በሩጫ። ደርሰው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ወለተኢየሱስ ከበቅሎ ወርዳ እያለከለከች ስትደርስ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር።

«እናቴ ደጃፍ ላይ አንድ ነበራት» አሉ፣ ሳያዩዋት። «ስወጣ አብቦ ነበር። ይኼኔ ደርቋል።»

ስለ እናታቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንደማያውቁ፣ ለምን እዚህ ሜዳ ላይ ወጥተው እንደማያውቁም ያን ጊዜ ገባት። ይኼ ሁሉ ዓመት ሲያወሩት የነበረው ስለ ተክል አልነበረም። እጃቸውን ልትይዝ ጠጋ ስትል ባሻ አፍንጫቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ተክሉን ከታች እስከ ላይ ለኩት።

«በእርግጥ የእኛው ከዚህ ይረዝማል» አሉ።

ኦቦ ከዲር ግንዱን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት። ባዶ ቅል ይመስል አስተጋባ። «ኩን ሙካ ሚቲ» አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ለባሻ እንዲገባ «እንጨት አይደለም እኮ፣ ባሻ፤ ሣር ነው» ብለው ደገሙት። ባሻ የባሌው እንዲያ ሊሆን እንደሚችል አመኑ። ቢሆንም አብቦ የደረቀ፣ ከሁሉ የረዘመውን መርጠው አስቆረጡ፤ ለመጠባበቂያም ሁለት ሌላ ጨመሩ። ከዚያ ረጅሙን ብቻቸውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ ጥድን ለመሸከም ስምንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ጅብራን ግን አንድ ሰው እንደሚበቃው እያስረዱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ኦቦ ከዲር ወለተኢየሱስን አዩ፣ ወለተኢየሱስ ኦቦ ከዲርን አየች።

ለቤቱ ደቦ አሥራ አራት ሰው መጣ። ግማሹ ለመሥራት፣ ግማሹ ለማየት። ግድግዳው ቀድሞ ቆሞ ስለ ነበር ጅብራው በመካከል ተተከለ፤ ቆሞም ሲታይ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። የመጀመሪያው ወራጅ ሲደገፍበት ሲጥ አለ። ሁለተኛው ሲደገፍበት ባሻ ድምፁ የመልካም ምልክት መሆኑን ተናገሩ። አምስተኛው ላይ ምሰሶው ከወገቡ ታጠፈና ወራጁ ሁሉ ተግተልትሎ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን የተጎዳ ሰው የለም፤ ከባሻ ሌላ። ተክለማርያም እስኪያነባ ሳቀ። ባሻ አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ስባሪውን አንሥተው ባዶ ልቡን ወደ ውስጥ ተመለከቱና መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሻ ማወዳደር ተዉ። ወለተኢየሱስ የመጀመሪያውን ቀን ዐረፍኩ ብላ ነበር። በሁለተኛው ቀን ገንፎ አቀረበችላቸው፤ በልተው «ተመስገን» አሉ። ስለ መንዝ ገብስ አንድ ቃል የለም። ደነገጠች። በሦስተኛው ቀን ሆን ብላ ነካካቻቸው፤ የባሌ ቅቤ ከመንዙ ሳይሻል አይቀርም አለቻቸው።

«ይሻል ይሆናል» አሉ ባሻ።

ወለተኢየሱስ ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። ለሁለት ዓመት ያሰለቻት ወሬ እንዲህ ይናፍቃታል ብላ አስባ አታውቅም። ደግሞም ሰማዩ በስተደቡብ መጥቆር ጀምሯል፤ ሆዷም ከቀን ወደ ቀን ገፍቷል። ቤት የለም፣ በጥድ መሥራት አይቻልም፣ በጅብራ ቢሠራ ይወድቃል፣ አጋፋሪ ይመጣሉ። ባሏም አሉ እንዳይባል ዝም ብለዋል።

በዚያው ሳምንት ባሻ ወደ ጊኒር ለሚሄድ ጭነት አጃቢ ሁነህ ሂድ ተባሉ። ለዐሥራ ሁለት ቀን ነው። አቧራቸው ሳይርቅ ወለተኢየሱስ ኦቦ ከዲር ዘንድ ሄደች። ያሰበችውን ነገረቻቸው፦ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ጥድ ምሰሶ ይሆናል፤ ጅብራው ቁመቱን ተሰንጥቆ እንደ እጀ ጠባብ ይለብሰዋል። ጣራውን ጥዱ ይሸከማል፣ መሐላውን ጅብራው።

ኦቦ ከዲር ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። ገባር ነኝ፣ ብታዘዝ እሠራለሁ፣ ይኼ ግን የትእዛዝ ሥራ አይደለም አሉ። በየዓመቱ የባሻን ገብስ ሲያጭዱ የራሳቸው እየረገፈ እንደሚቀር ነገሯት። «የራሴን አስቀድሜ ልጨድ» አሉ። ወለተኢየሱስ ነገሩ እውነት መሆኑን ታውቅ ነበር፤ አፍራም አታውቅም ነበር፣ ያን ዕለት ግን አፈረች። እሺ አለች፤ ቃሏንም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጠብቃለች።

ተክለማርያም ይበልጥ አስቸገረ። ጥድን የሚያህል እንጨት ሣር ላልብስ፣ ሙያዬን በገዛ እጄ ልቅበር ብሎ ተንገበገበ። አሸንፌ ሳለሁ የተሸነፍኩ ልምሰል ወይ አለ። ወለተኢየሱስ አልተከራከረችውም።

«ተክሌ» አለችው፣ «ልጄን የት ልውለደው?»

አናጢው መጥረቢያውን አነሣ። ኦቦ ከዲር ከአባታቸው መሬት ጫፍ ላይ የጦር ዘንግ የመሰለ ወጣት ጥድ መርጠው ቆረጡ፤ ለመጠባበቂያ የመጡት ስለ ቀጠኑም ከሰነቴ ወፍራም ደረቅ ጅብራ በትከሻቸው አወረዱ። ጅብራው ተሰንጥቆ ተገጠመበት፣ በእርጥብ ጠፍር ተቀፈደደ፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ምስማር የማይገባበት ሆኖ ጠበቀ። ወራጁ ቆመ፣ ማገሩ ዞረ፣ ክዳኑ ተከደነ። ወለተኢየሱስ ለሠፈሩ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ለባሻ ማንም እንዳይነግርባት። አጋፋሪው መጥተው ማልልኝ ሲሏቸው በንጹሕ ልብ እንዲምሉ ነው። አህያ ስትወልድ እንኳ ለሦስት ቀን የሚወራበት ሠፈር ይህን ምስጢር ጥርሱን ነክሶ ያዘ።

ባሻ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ገቡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ጣራውን አዩ፣ ዝቅ ብለው ገቡ፣ ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ አንድ ጊዜ ዞሩት። ብዙ ቆሙ።

«አላልኩም?» አሉ ባሻ።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። የመጀመሪያው የወደቀው የአተካከል ጉድለት እንደ ነበር፣ ጅብራ ሲተከል ወደ ምሥራቅ መዞር እንዳለበት፣ የመንዝ ሕፃናት ይህን እንደሚያውቁ አስረዱ። የጊኒርን ሙቀት ከመንዝ ቆላ ጋር አወዳድረው አዋረዱት። ተክለማርያም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሁሉንም ሰማ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ግን አፉን አልከፈተም። ወለተኢየሱስ ገንፎውን እያገላበጠች በደስታ አዳመጠች።

በሳምንቱ አጋፋሪ ብዙነህ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ምሰሶውን በከዘራቸው መቱት። ድምፁ ድፍን ነበር። እንደገና መቱት።

«ጅብራ ልቡ ባዶ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር» አሉ።

ባሻ የመንዝ ዘር ከሆነ ልቡ ድፍን እንደሚሆን ነገሯቸው። አጋፋሪው አልሳቁም። ከዘራቸውን ምሰሶው ላይ እንዳሳረፉ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን በደጃዝማች ሞት እንዲምሉላቸው ጠየቁ። ወለተኢየሱስ ከባሏ ኋላ ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር። ባሻ ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ደጃዝማች ይሙት ጅብራ ነው ብለው ማሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አጋፋሪው አንድ ዋንጫ ጠላ ጠጥተው፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ። ወለተኢየሱስ ምንም ሳያውቁ በንጹሕ ልብ የማሉ ባል ስለ ሰጠቻት ማርያምን አመሰገነች።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። አንድ ጠብታ አላረፈባትም። ሠርከአዲስ ተባለች። ባሻ በአገራቸው ሕፃን ሲወለድ ከዚህ ሞላ ብሎ እንደሚወለድ ለአዋላጇ አስረዱ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ልጅቱን ከእጃቸው አላወጧትም።

ሌላ ክረምት አለፈ። አንድ እሑድ ወለተኢየሱስ ልጇን አዝላ ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብላ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሻ ምሰሶው ሥር ተንበርክከዋል። የጅብራው ልብስ በአንድ ወገን በስብሶ ወድቆ፣ የጥዱ ቀይ ገላ ከላይ እስከ ታች ተጋልጧል። አጠገባቸው ከሰነቴ የመጣ አዲስ ጅብራ ተሰንጥቆ ተቀምጧል። ጠፍሩን በጥርሳቸው ነክሰው አዲሱን ልብስ ጥዱ ላይ እየገጠሙ ነበር።

ሲያዩዋት አልደነገጡም። ጠፍሩን ከአፋቸው አወጡና «በዚያ በኩል ያዢልኝ እስቲ» አሉ።

ተንበርክካ ያዘችላቸው።

«መቼ አወቁ?» አለች።

«ከጊኒር የገባሁ ዕለት። ጥድ እኮ ይሸታል።»

ወለተኢየሱስ እጇ ባለበት ቀረ። አጋፋሪው፣ ከዘራው፣ ከኋላ የቆመችበት ቦታ ሁሉ ተመልሶ መጣባት። እሷ ንጹሕ ልብ እንዲይዙ ብላ የደበቀችውን ነገር ሰውየው እያወቁት ነው መሬታቸውንና ጀርባቸውን አስይዘው የማሉት።

«ታዲያ እንዴት ማሉ? ቢያውቁብዎስ ኖሮ?»

ባሻ ጠፍሩን አንድ ጊዜ ጎተት አደረጉ። «ጅብራ አይደለም ብል ጣራውን ያፈርሱታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ። «አንቺ ደግሞ ወርሽ ገብቶ ነበር።»

ወለተኢየሱስ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታዝንላቸው፣ ስትስቅባቸው፣ ስትታገሣቸው ኖራለች። መውደድ ግን ያን ቀን፣ ጠፍሩን በሁለት እጇ እንደ ያዘች፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ እንደ ተኛች፣ ድንገት መጣባት።

«አጥብቂው እንጂ» አሉ ባሻ፣ «ላላ እኮ።»